«የትኛውን እግር?»

ይሄን ደብዳቤ የላከችልኝ ሴት ቢሾፍቱ ነው የምትኖረው፣ ስሜ እንዳይወጣ ስላለች «የልብስ ሰፊው ልጅ» ብያታለሁ። ደብዳቤው ረጅም ነው፣ ዋና ዋናውን ላስቀምጥና ወደ መልሴ እሄዳለሁ።

«አባባ የድሮው ጦር ነው። በ1969 ከመንዝ ተመልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰልጥኖ በሚሊሺያነት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሶማሊያው ጦርነት ዘመተ፣ የካቲት 1970 ላይ ፈንጂ ረግጦ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ከጭኑ የወጣለትን ፍንጣሪ በክብሪት ቀፎ አድርጎ እስኪሞት ድረስ አስቀምጦታል። ሰው ሰራሽ እግር ተሰርቶለት ነበር ግን ቁስሉን እየላጠው አልስማማ ስላለው ጣለው፣ ዕድሜውን ሙሉ በክራንች ነው የሄደው። እማዬ ያገባችው ከቆሰለ በኋላ ነው፣ ዘመዶቿ እምቢ ብለዋት ነበር ይባላል፣ እሷ ግን ስለዛ ጊዜ ስትጠየቅ መልሷ ሆድ ይፍጀው ነው። ያኔ ደብረ ዘይት በነበረው የጦር ጉዳተኞች ማዕከል፣ ጀግኖች አምባ፣ ካገኛቸው ጓደኞቹ ስፌት ተማረና በአንድ እግሩ ሲንገር እየረገጠ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቶ ሦስታችንንም አሳደገን። እኔ የማውቀው አባባ ዝምተኛ፣ ከስፌቱ ቀና ብሎ በጥርሱ ክር እየቆረጠ የሚያየኝ ሰው ነው። ወንድም ጋሼ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው።

«አምና ግንቦት ላይ አረፈ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ‹ልጆቻቸውን በፍቅርና በእንክብካቤ ያሳደጉ› ሲባል ወንድም ጋሼ ጥሎ ወጣ። ማታ ሳናግረው ‹ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ግን ያን ነገር ቆሜ አልሰማም› አለኝና ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገረኝ። አስራ ሁለት ዓመቱ እያለ አንድ ሌሊት አባባ ቀስቅሶት ‹እግሬን እሸኝ› ይለዋል፣ ተነስቶ ቀኙን ማሸት ሲጀምር ‹ይሄኛውን አይደለም!› ይለዋል፣ ‹የትኛውን እግር?› ብሎ ሲጠይቀው በክራንቹ መታው። ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ የዛን ሌሊት ነው፣ እኔ እስከዛሬ ከዛፍ ወድቆ ነበር የሚመስለኝ።

«አሁን ሙት ዓመቱ ደረሰ። ውጭ ያለችው እህቴ ትንሽ መጽሔት አሳትመን እናድል ብላ ብር ልካለች፣ ጽሑፉን እኔ እንድጽፍ ተወስኗል። እሷ ፌስቡክ ላይ ‹ድሬዳዋን ያዳነው አንበሳ› ብላ ፖስት አድርጋለች። ወንድም ጋሼ የኔን ስም እንዳታስገቡ ብሏል። እማዬ ምንም አትልም። ዕቃውን ስናነሳ ደሞ አልጋው ስር ሰባት የግራ እግር ጫማ አገኘን፣ አንዱም ያልተደረገ። አባባ እኮ ግራ እግር የለውም! እማዬን ስጠይቃት ‹የጓደኛው ናቸው› ብላ ዝም አለች። ምን ልጻፍ? ክፉውን ከተውኩት ወንድሜ ላይ ዋሸሁ፣ ከጻፍኩት አባቴን ከሞተ በኋላ አዋረድኩት። እኔም ራሴ ሌሊት በር ሲንኳኳ እስካሁን ልቤ ይመታል።»

የኔ እህት፣ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ይዤው ዞርኩ። ሃሳቤን በአጭሩ መጀመሪያ ልንገርሽ፣ ከዛ ምክንያቴን ትሰሚያለሽ። ጻፊው። ግን ወንድም ጋሼ አንብቦት «ይሁን» ሳይል ማተሚያ ቤት እንዳይገባ። እና ከጦርነቱ አትጀምሪ፣ ከእማዬ ጀምሪ።

የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን፣ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ይባልና፣ ተማሩ፣ ሰሩ፣ ከዛ «ሰው አክባሪና ተግባቢ ነበሩ» ተብሎ ያልቃል። ለዛ ቀን ይሄ ይበቃል፣ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው፣ የሚጽፈውም ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ነው፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ብቻ አንድ ነገር ልብ በይልኝ፣ ወንድምሽ ጥሎ የወጣው የት ጋ ነው? ስለ ጦርነቱ ሲነበብ ቆሞ ሰምቷል። ስለ ስፌቱ ሲነበብ ቆሞ ሰምቷል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርሱ ነው የወጣው። ስለዚህ ወንድም ጋሼ አባቱን ሙሉ በሙሉ አልካደም፣ ከአንዲት መስመር ጋር ነው የተጣላው፣ እሷም መስመር ደሞ የተጻፈችው ከልማድ እንጂ አስባችሁበት አይመስለኝም። ይሄን ሳስብ ትንሽ ተስፋ አደረግኩ ነው ምልሽ።

አሁን ወደዛች ሌሊት ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዛ ላይ ነው።

እግሩ ወይ እጁ የተቆረጠ ሰው የተቆረጠው ቦታ እንዳለ ሆኖ ይሰማዋል። ይሄ ቅዠት አይደለም፣ እብደትም አይደለም፣ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ነገር ነው፣ አብዛኛው የተቆረጠበት ሰው በሆነ መልኩ ይሰማዋል። እግሩ የለም ግን ወደ እግሩ ይሄድ የነበረው ነርቭ ጫፉ ተቆርጦ እዛው አለ፣ አእምሮም ያንን እግር ከካርታው ላይ አልፋቀውም። አንዳንዱን ያሳክከዋል፣ አንዳንዱን ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተጨማደው የሚጣመሙ ይመስለዋል፣ አንዳንዱን እንደ እሳት ያቃጥለዋል። ሌሊት፣ ብርድ ሲሆን፣ ሰው ሲጨነቅና ሲደክም ደሞ ይብሳል። ዛሬ ለዚህ መድኃኒት አለ፣ ጤነኛውን እግር በመስታወት እያሳዩ አእምሮን የሚያረጋጉበት ዘዴም አለ። አባባ ጋ ግን ይሄ ሁሉ አልደረሰም፣ የደረሰው ክራንች ነው።

እና ያን ሌሊት እንዲህ አድርገሽ እዪው። አባትሽ የሌለ እግሩ እያቃጠለው ነው፣ እውነተኛ ህመም ነው፣ ሊሸፍነው አይችል፣ ሊያሸው አይችል፣ እጁን ሲሰድ የሚያገኘው አንሶላ ነው። ከእንቅልፉ ተጎትቶ የተነሳ ልጅ ደሞ ያለችውን አንድ እግር ይዞ ያሻል። «ይሄኛውን አይደለም» ሲባል ሊጠይቅ የሚችለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፣ «የትኛውን እግር?»። ልጁ ያሾፈ መሰለው። ልጁ አላሾፈም። አባትየውም አላበደም። ሁለቱም የሆነውን የሚያስረዳቸው ሰው አልነበረም፣ እስከ መጨረሻውም ሳያውቁት ተለያዩ። ይሄን ስጽፍ አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

ግን ደሞ ተጠንቀቂ። ይሄ ምክንያት ነው፣ ምክንያት ደሞ ማስተባበያ አይደለም። ክራንቹን ያነሳው እጅ የአባባ እጅ ነው። አባባ ታሞ ነበር ማለት ልጁ አልተመታም ማለት አይሆንም፣ አንዳንድ ቤተሰብ ይሄን ይምታታበትና «አባትህ እኮ ቁስለኛ ነው» እያለ ልጁን ሁለተኛ ይመታዋል። ወንድም ጋሼ ሰላሳ ምናምን ዓመት ዝም ያለው ይሄንን ፈርቶ ነው ብዬ እገምታለሁ። አንድ እግሩን ለሀገር የሰጠ ሰው ላይ ማን ይከሳል? ለማን? ሰፈሩ ሁሉ «ጀግናው» እያለው?

ሌላ ያስተዋልኩት ነገር ዓመቱ ነው። የሁለታችሁን ዕድሜ ጽፈሽልኛል፣ እሱ አርባ ስድስት አንቺ ሰላሳ ስምንት። እሱ አስራ ሁለት ዓመት የሞላው እንግዲህ 1983 ላይ ነው፣ አንቺ ያኔ አራት ዓመትሽ ነበር። 83 ለአባባ ምን እንደነበር አስቢው። ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ፣ ያ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የነበረው ጦር ተበተነ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች መቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባል ተቋቋመ፣ ወደ ገጠር የተመለሰውም ተመለሰ፣ ግን እኔ ራሴ ያኔ ተማሪ ነበርኩና የማስታውሰው ቤተክርስቲያን በር ላይ የወታደር ካፖርት ለብሰው ክራንቻቸውን ግድግዳ አስደግፈው የተቀመጡ ሰዎችን ነው። እናቴ ለአንዱ ዳቦ ስትሰጠው ፊቱን አዙሮ ነው የተቀበላት፣ ያ ፊት እስካሁን አይጠፋኝም። «የደርግ ወታደር» ስድብ የሆነበት ጊዜ ነው። አንድ ሰው እግሩን የሰጠለት ነገር ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስሙ ሲቀየር፣ ደረቱ ላይ ያደረገውን ሜዳይ ሳጥን ስር ሲደብቅ፣ ልጆቹን ምን ያበላቸው እንደሆነ ሳያውቅ ሲያድር፣ ያ ሌሊት የዛ ዓመት ሌሊት ነው።

ታላቅ ወንድምሽ ያገኘው የ83ቱን አባት ነው። አንቺ ያስታወስሽው ከዛ በኋላ ያለውን፣ ሲንገሩ ላይ ተቀምጦ ትንሽ የተረጋጋውን ነው። ሁለታችሁም አትዋሹም። ስትጽፊ ይሄን ካወቅሽ «ማን ልክ ነው» የሚለው ጭቅጭቅ ውስጥ ሳትገቢ ዓመት በዓመት መሄድ ትችያለሽ፣ ለእሱም ስትነግሪው ምናልባት «ለምን ለኔ ብቻ?» የሚለው ጥያቄው ትንሽ ይቀለዋል። ልጅ ሆኖ የተመታ ሰው እኮ ብዙ ጊዜ ውስጥ ውስጡን «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ነው የሚያድገው፣ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎልማሳ ይመስለዋል ለዛ ልጅ።

ወንድም ጋሼን ስታናግሪው እባክሽ በስልክ አይሁን፣ በቴሌግራምም ረጅም ቮይስ እንዳትልኪለት። ሂጂና ቤቱ ቁጭ በይ። ባለቤቱና ልጆቹ ባሉበት ደሞ አታንሺው። ይቅር በለው አትበይው፣ ይሄን ከኔ ስሚኝ፣ የሱ ጉዳይ ነው፣ ቄስም ሽማግሌም ይዘሽ አትሂጂ። እንዲህ በይው ብቻ፦ «ያቺን መስመር እኔ ራሴ አወጣታለሁ። በሷ ፈንታ ምን እንዲባል ትፈልጋለህ? ምንም እንዳይባልም ከፈለግክ ንገረኝ።» ከዛ ዝም በይ። መጀመሪያ ምንም ላይል ይችላል፣ ሊቆጣም ይችላል፣ ቡናሽን ጠጥተሽ ውጪ፣ ሌላ ቀን ተመለሺ፣ ሁለት ወር አለሽ።

ስለ ሌለው እግር ህመም ያልኩትንም ወዲያው አታውሪለት። እሱ ራሱ ያንን ሌሊት ካነሳው ያኔ «አንድ ነገር ላንብብልህ» ብለሽ አንብቢለት። ቀድመሽ ካነሳሽው ለአባባ ጠበቃ ሆነሽ የመጣሽ ይመስለዋል። ሌላ ደሞ፣ በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አባባ ለሠርጉ ሦስት ሌሊት ሙሉ ተቀምጦ ሙሉ ልብስ እንደሰፋለት ጽፈሻል። ቆንጆ ነገር ነው፣ እኔም አባባ ይቅርታ የጠየቀው በመርፌው ነው ብዬ አስቤያለሁ። ግን ያንን ልብስ አንቺ እንዳታነሺበት። እሱ ካነሳው ያንሳው።

ጽሑፉ ላይ ስለ ጠባሳው ዝርዝር አይግባ። ያ የወንድምሽ አካል ነው፣ የወንድምሽ ታሪክ ነው፣ ለጎረቤት በመጽሔት የሚታደል አይደለም፣ ካላለ በቀር። እሱ ከተስማማ ግን እንደዚህ ያለ ነገር መጻፍ ይቻላል፦ «ከጦርነቱ ህመም ይዞ ተመለሰ። ህመሙ በእሱ ላይ ብቻ አልቀረም፣ ቤቱንም ነካ፣ ከሁላችን በላይ ደግሞ የበኩር ልጁን።» ይሄ አባባን ያዋርደዋል? እኔ አይመስለኝም። ያንን ያነበበ ቁስለኛ ጎረቤት ቢኖር፣ ወይ የቁስለኛ ሚስት ብትኖር፣ እኛ ቤት ብቻ አልነበረም ማለት ነው ብላ ትንፋሿን ታወጣለች። ሐኪሞች ይሄን ከጦርነት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ህመም፣ ቅዠቱን፣ መበርገጉን፣ ድንገት መቆጣቱን በአንድ ስም ሰይመው የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ያስገቡት በፈረንጆቹ 1980 ነው፣ አባባ ከቆሰለ ሁለት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። እዚህ ሀገር ደሞ እንኳን ያኔ፣ ዛሬም «አማኑኤል ሄደ» መባልን የሚፈራው ስንቱ ነው።

ስለ እህትሽ ፖስት ትንሽ ልበል። ከሀገር ርቃ ነው ያለችው፣ ቀብሩም ላይ አልደረሰችም፣ ሀዘኗን የምታወጣበት ሌላ ቦታ የላትም፣ አትቆጪያት። መጽሔቱ ላይ ግን «ድሬዳዋን ያዳነው» እንዳይገባ። የሶማሊያ ጦር የገባው ሐምሌ 1969 ነው፣ ድሬዳዋ ላይ ትልቁ ውጊያ የተደረገው ነሐሴ ላይ ነው፣ መስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፣ ከዛ የሐረር ዙሪያው ነገር፣ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ደሞ የኛ ጦር ከኩባውያኑ ጋር ሆኖ መልሶ ማጥቃት ጀመረ፣ የካቲት 26 ጅጅጋ ተመለሰች። የአባባ ወረቀት የሚለው የካቲት 1970 ቆሰለ ነው። ስለዚህ ጅጅጋ አጠገብ ወዳለው ካራማራ ተራራ በሚደረገው ግስጋሴ ጊዜ ነው የሚሆነው ብዬ እገምታለሁ። ድሬዳዋም ኖሮ ይሆናል፣ ግን ወረቀቱ የማይለውን አትጻፉ። ከጓደኞቹ በሕይወት ያለ አንድ ሰው ካለ ሄደሽ ጠይቂው፣ የትኛው ብርጌድ እንደነበር፣ ቀኑን፣ ማን ተሸክሞ እንዳወጣው። የተሸከመው ሰው ስም ቢገኝ ከ«አንበሳ» የሚበልጥ ቃል ነው ለኔ፣ አንድ ሰው በፈንጂ መሃል ተመልሶ አባትሽን ትከሻው ላይ አድርጎታል እኮ፣ ያ ባይሆን ሦስታችሁም የላችሁም።

«ጠላት» የሚለውን ቃልም ስትጠቀሚ አስቢበት። አባባ ሱማሌ ጎረቤቱን ክር ሲገዛ «ወንድሜ» እያለ ነበር የሚጠራው ብለሻል። የወረረው የሲያድ ባሬ መንግሥት ጦር ነው፣ እሱን በስሙ ጥሪው፣ የኦጋዴን ሕዝብ የራሳችን ሕዝብ ነው፣ እሱም በዛ ጦርነት አልቋል። አባባ ይሄን ለይቶ ያውቅ ነበር፣ ጽሑፉም ከሱ አይነስ።

አሁን እማዬ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ የቆመው እሷ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ወጣት ሴት ዘመዶቿ እምቢ እያሏት በክራንች የሚሄድ ሰው አገባች። ማንም አላስገደዳትም፣ እንዲያውም የከለከላት ነው የበዛው። ከዛ አርባ ምናምን ዓመት ቁስሉን አጠበች፣ ሌሊት ሲጮህ ተነሳች፣ በ83 ቤቱን ይዛ ቆመች፣ ልጇ ሲመታ ደሞ እዛው ክፍል ውስጥ ነበረች ወይ አልነበረችም፣ ይሄንን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ዝምታዋ ባዶ አይመስለኝም። ምናልባት ወንድም ጋሼን ቀና ብላ ማየት የምትችለው ዝም ካለች ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የሱን ነገር አታንሺባት፣ ሲደርስ ትደርሳለች። የቀለለውን ጠይቂያት። መጀመሪያ ያየሽው የት ነው? ምን ለብሶ ነበር? ማን ነው «አንሰጥም» ያለው? የሠርጉ ቀን እንዴት ነበር፣ ቆሞ ነበር ተቀምጦ? እንደዚህ ያለ ጥያቄ። «ኢንተርቪው ላድርግሽ» እንዳትያት ብቻ፣ ትደነግጣለች። ሽሮ ስትለቅም ወይ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ሆነሽ፣ «እማዬ ድምፅሽን ልቅዳው፣ ለልጆቼ እንዲቀር» ብለሽ አስፈቅጂያትና ስልክሽን ሪከርድ ላይ አድርገሽ አስቀምጪው። ሳታውቅ ግን እንዳትቀጂያት።

እና ጫማዎቹ። «የጓደኛው ናቸው» አለችሽ አይደል? እኔ እንደዚህ ነው የገባኝ፣ ከተሳሳትኩ እማዬ ታርመናለች። ጀግኖች አምባ ከተገናኙት መሃል አንዱ ጓደኛው ቀኝ እግሩ የተቆረጠ ነበር ማለት ነው። ጫማ ደሞ በነጠላ አይሸጥም። ሁለት ሰው፣ አንዱ ቀኝ የሌለው አንዱ ግራ የሌለው፣ ቁጥራቸው ከገጠመ አንድ ጫማ ለሁለት ይበቃቸዋል፣ ብሩን ያዋጣሉ፣ አባባ ቀኙን ያደርጋል፣ ጓደኛው ግራውን ይወስዳል። ይሄ በቁስለኞች መሃል የሚደረግ ነገር ነው፣ ሰምቼ አውቃለሁ። አባባ በዓመት አንድ ጫማ ይገዛ ከነበረ ጓደኛው ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው፣ ሰባቱንም ዓመት አባባ የሱን ድርሻ አልጋ ስር እያስቀመጠለት።

ይሄ እውነት ከሆነ፣ የኔ እህት፣ ያ ዝምተኛ ሰው ሰባት ዓመት ሙሉ ሀዘን ላይ ነበር፣ አጠገቡ ሆናችሁ አላወቃችሁም። ጓደኛው ማን ነበር? ቤተሰብ አለው? ልጆቹ ሙት ዓመቱ ላይ ቢጠሩስ? ይሄን የምታውቀው እማዬ ናት፣ እኔ ብሆን ከዚህ ጥያቄ ነበር የምጀምረው፣ ምክንያቱም ስለ ጦርነቱም ስለ ዱላውም አይደለም፣ ስለ ጫማ ነው፣ ስለ ጫማ ማውራት አይከብድም።

ስለ ራስሽ ደሞ አንዲት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው፣ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ትርፍ ነገር። ሰላሳ ስምንት ዓመትሽ ነው፣ አባትሽ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፣ በር ሲንኳኳ ግን ልብሽ ይመታል። አንቺ ተመትተሽ አታውቂም፣ ግን አራት ዓመት የሞላት ሕፃን በእንቅልፏ ውስጥ የሚሰማውን ጩኸት ሰውነቷ ሊይዘው ይችላል፣ ምንም ባታስታውሺው። ይሄ ህክምና ያለው ነገር ነው፣ በብዙ ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፣ ሄዶ ከአንድ ባለሙያ ጋር ማውራት ማበድ አይደለም። የአባባን ታሪክ ስትጽፊ ደሞ ሊብስብሽ ይችላል፣ ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ብቻሽን አትጻፊ፣ ቀን ጻፊ፣ ሲከብድሽ ዝጊው።

መጽሔቱ ላይ ምን ፎቶ እናድርግ ብለሽ ጠይቀሻል። የወታደር ልብስ ለብሶ ታጠቅ የተነሳው አለ፣ እሱ ይግባ፣ ያን ልብስ ደብቆ የኖረ ሰው ነውና አሁን ይውጣለት፣ ዛሬ እኮ የካቲት 26 ሲመጣ ቸርችል ጎዳና ትግላችን ሐውልት ስር አበባ ይቀመጣል፣ እሱ በደህናው ዘመን አላየውም። ሽፋኑ ላይ ግን እኔ ብሆን ያልሽኝን ያንን ሁለተኛውን ነበር የማደርገው፣ ሲንገሩ ላይ አጎንብሶ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ከስሩ ፔዳሉን የረገጠችው አንዲት ጫማ የምትታየውን።

ሙት ዓመቱ እስኪደርስ ቤቱን ሲያጸዱ ሰው ያግዛል፣ ዘመድ ይመጣል፣ «ይሄ ምን ያደርጋል» ተብሎ ብዙ ነገር ይወጣል። እማዬ አፏን ከፍታ እስክትናገር ድረስ እነዛን ሰባት ጫማዎች ማንም እንዳይነካብሽ።